ማንም ሳያነበው ሁሉ የሚጠቅሰው መጽሐፍ

ይህ ነገር በእውነት የሆነ ነው።

ፈጠራ ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ከዚሁ ተመለሱ፤ አልቀየማችሁም። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አብሮኝ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ «አልሆነም» ብሎ የሚከራከረኝ አንድም የለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነው። ጨለማ የለም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወንበሩን ሁሉ አግላው ነበር።

ቦታው የኮሌጃችን ላይብረሪ ነው።

የምጽፈው ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ከንዴት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመጽሐፉንም የጸሐፊውንም ስም እዚህ አልጽፍም። በውስጥ መስመር እየመጣችሁ «በናትሽ ንገሪን» አትበሉኝ። የማልጽፈው ለእናንተው ብዬ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ።

እኔና የአክስቴ ልጅ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንማረው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ስለዚህ በአፌ የአክስቴ ልጅ ልበላት እንጂ እህቴ ናት። ኮሌጁ ሁሉ የሚያውቃት «ራዲዮ» በሚለው ስሟ ነው። ጠዋት ስትነቃ ትከፈታለች፣ ማታ ስትተኛ ትዘጋለች። ጥርሷን እየቦረሸች ታወራለች። ሲያስነጥሳት እንኳ ወሬውን አታቋርጥም፤ ከማስነጠሱ ወዲያ ማዶ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

እንዲህ አፍ ያላት ልጅ የንግግር ክህሎት ትምህርት ይከብዳታል ብሎ ማን ይገምታል? ከበዳት። አምና ወደቀችበት። የከበዳት ማውራቱ አይደለም... ማንበቡ ነው።

የትምህርቱን መምህር «ምንጭህስ» ነው የምንለው። ምንም ተናገሩ ምን፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ምንጭህስ?» ይላል። አንዴ አንዱ ልጅ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሲጀምር ከኋላ ያለ ጓደኛው «ምንጭህስ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል።

ሕጉ ይህ ነው። እያንዳንዱ ንግግር ከላይብረሪው መደርደሪያ የተገኘ ምንጭ ይኖረዋል። ከኢንተርኔት አይሆንም። ምንጩን ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻም አይበቃም። በንግግሩ መሃል ቆም ትሉና የጸሐፊውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ጮክ ብላችሁ ትጠራላችሁ።

ተማሪው ግን መላ መች ያጣል! ከእኛ በፊት የነበሩት፣ ከእነሱም በፊት የነበሩት ሲቀባበሉት የኖረ አንድ ጥቅስ አለ። «ጆከር» እንለዋለን፤ ካርታ ላይ እንዳለው ጆከር የትም ይገባልና። እንዲህ ይላል፦

«ችግሩ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው፤ መፍትሔው ግን በእያንዳንዳችን እጅ ነው።» ገጽ መቶ አሥራ ሁለት።

ስለ ትራፊክ አደጋ ብትናገሩ ይገባል። ስለ ጥርስ ንጽሕና ብትናገሩ ይገባል። አንዱ ስለ ፍቅር ሲናገር አስገብቶት ተጨብጭቦለታል።

መጽሐፉን ከፍቶ ያየው ሰው ግን የለም። አንድም።

የዚያን ቀን ጠዋት ምንጭህስ ክፍል ገብቶ ቦምቡን ጣለው።

«ከዛሬ ጀምሮ የጠቀሳችሁትን መጽሐፍ አስመጣለሁ። ገጹን እከፍታለሁ። ጥቅሱ እዚያ ከሌለ ንግግሩ ዜሮ ነው።»

እኔ ንግግሬን ከትናንት ወዲያ ስላቀረብኩ ግድ አልነበረኝም። ራዲዮ ግን ተራዋ ከሰዓት ነው። ዘንድሮም ከወደቀች ከኮሌጁ ትባረራለች። አክስቴ ደግሞ ለዚህች ልጅ ትምህርት ያልሸጠችው ነገር የለም።

ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

«ጆከሩን አስገብተሻል አይደል?»

«አስገብቻለሁ። እና?»

«አውጪው።»

«ቀልደኛ ነሽ! በምን ልተካው? ሁለት ሰዓት እኮ ነው የቀረኝ።»

«እሺ ሂጂና መጽሐፉን እዪው!»

«አንቺ ደግሞ... ሰው ሁሉ ሲለው የኖረ ነገር ውሸት ይሆናል እንዴ? ዓለም ያወቀው ጥቅስ ነው።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው እንዲህ የምትለኝ። ደሜ ፈላ። ኮሪደር ሙሉ ሰው እያየን ጮህኩባት። ሰነፍ አልኳት። እናትሽን የምትገድዪ አልኳት። እሷ ደግሞ ስቆጣ ታውቅበታለች፤ ክንዴን ያዘችና ፊቷን እንደ ሕፃን አደረገችው።

«በሞቴ... አንቺ ሂጂልኝ። ገጹን አይተሽ መጽሐፉን ይዘሽልኝ ነይ። ጥቅሱ ካለ እሰየው። ከሌለ ከመድረኩ በፊት ንገሪኝ።»

እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ምን አባቴ ላድርግ? እህቴ ናት።

ላይብረሪው ከንግግር አዳራሹ በላይ ነው፤ የንባብ ክፍሉ ወለል የአዳራሹ ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳ ተዘግቶ ቆይቶ ገና መከፈቱ ስለነበር የንባብ ክፍሉ ውስጥ ከላይብረሪው ሠራተኛ በቀር ማንም የለም። የመጽሐፉን ስም ስነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«እሱን?»

«አዎ እትዬ። የለም እንዴ?»

«አለ። ስሙንማ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ ከታች በማይክራፎን ሲጠሩት እዚህ ድረስ ይሰማል። ስጪኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን... አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

መጽሐፉ የመጨረሻው መደርደሪያ ታችኛው ረድፍ ላይ ነበር። ስለ ከተማ ፍሳሽና ስለ ሕዝብ ጤና አንድ ሐኪም የጻፈው መሆኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ግራና ቀኙ ያሉት መጻሕፍት አቧራ ጠጥተዋል።

እሱ ላይ አቧራ የለም።

አወጣሁት። ሞቃት ነው... ሰው ሲቀመጥበት ቆይቶ የተነሳበት ወንበር ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ግን ትዝ አለኝ፤ ያ ጥግ ፀሐይ አይደርሰውም።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ልከፍት ስል እምቢ አለኝ። ገጾቹ ከላይ በኩል ተያይዘዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ተጣብቋል።»

መጥታ አየችው። «አልተጣበቀም። አልተቆረጠም። ድሮ ትልቁን ወረቀት አጥፈው ይሰፉትና፣ ጠርዙን የሚቆርጠው የሚያነበው ሰው ነበር።»

«እንዴ! ታዲያ ካልተቆረጠ...»

«ካልተቆረጠ አልተነበበማ» አለችኝ።

ክው አልኩ።

ስንቱ ተማሪ፣ በስንት ዓመት፣ በሙሉ አፉ «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት» ሲል የኖረው ያልተከፈተ ገጽ ነው! ያዝ አድርጌ በእጥፋቱ መሃል አሾለቅኩ። ከውስጥ የምትታይ አንድ መስመር ብቻ ነበረች። «ችግሩ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው፤ መፍትሔው ግን በእያንዳንዳችን እጅ ነው።»

ገባኝ። አንዱ ሰነፍ አሾልቆ አይቶ፣ ያያትን ይዞ ሄዷል። ሌላው ሁሉ ከእሱ ወርሷል።

የተማሪነት መታወቂያዬን አወጣሁና በጠርዙ እጥፋቱን መቁረጥ ጀመርኩ።

ሽሽሽሽ...

ወረቀቱ አይደለም እንዲህ ያለው። ወረቀት ሲቀደድ የሚያወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይሄ ትንፋሽ ነው። ትንፋሹን ብዙ ጊዜ ያፈነ ሰው ሲተነፍስ... ጆሮዬ ሥር።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ሠራተኛዋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳለች።

ገጹን ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፤ እስካሁን በቃሌ ነው የማስታውሰው፦

«ልጄን ከጉድጓዱ ባወጣናት ማግስት ለስብሰባ ጠሩኝ። ሻይ አቀረቡልኝ። ሰብሳቢው ወንበሩን ወደኔ አስጠግቶ፣ ችግሩ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው፤ መፍትሔው ግን በእያንዳንዳችን እጅ ነው፣ አለኝ። ልጄን የገደላት ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ክዳን! አንድ ክዳን ነው የለመንኳቸው። ይህን አባባል እንደ ቁም ነገር በአፉ የሚያነሳ ሰው ሁሉ በልጄ ሬሳ ላይ እንደቆመ ይቁጠረው።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ስለ ፍሳሽ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ልጁ የሞተችበት ሐኪም በቁጣ የጻፈው ነበር። እኛ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቃል መርጠን የያዝነው የሚጸየፈውን! የጠላቱን ቃል በስሙ እያልን ስናጨበጭብ የኖርነው!

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከታች ከአዳራሹ የማይክራፎን ድምፅ መጣ። ራዲዮ ናት። ተራዋ ደርሷል ማለት ነው። «በተማሪዎች እንቅልፍ ማጣት ዙሪያ...» ትላለች። እንደ ልማዷ ፈጠን ፈጠን ብላ።

ልነሳ ስል የጸሐፊውን ስም ስትጠራ ሰማኋት። ዓመቱን ጠራች። ገጹንም ጠራች። ከዚያ ቆም አለች...

«ልጄን ከጉድጓዱ ባወጣናት ማግስት ለስብሰባ ጠሩኝ» አለች።

እጄ መጽሐፉ ላይ ደረቀ።

«ሻይ አቀረቡልኝ» አለች ራዲዮ።

ይህን ገጽ የቆረጥኩት አሁን ነው። በዚህ መጽሐፍ ዕድሜ ገጹን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ራዲዮ ከየት አመጣችው?

ዓይኔን ወደ ገጹ መለስኩ። ቃል በቃል ነው። ገጹን ጨርሳ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔም ገለጥኩ። ቃል በቃል። «ሰባት ዓመቷ ነበር። ግራና ቀኝ ጫማዋን አቀያይራ ነበር የምታደርገው። አንደኛውን ጫማ አገኘሁት። ሌላኛውን እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።»

የሚቀጥሉት ገጾች አሁንም አልተቆረጡም።

እሷ ግን ቀጠለች።

መጽሐፉን ታቅፌ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ተማሪው እየሳቀ ነበር። ትወና መስሏቸዋል። ምንጭህስ ራሱ ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። አጠቃቀሷን ወዶላታል!

የክፍል ተጠሪው አጠገብ ተወሸቅኩ። ሹክ አልኩት።

«ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሰዓቷ አልቋል። አላቆምም አለች።»

«ተንፍሳለች?»

«ምን?»

«ትንፋሽ ስትወስድ አይተሃል ወይ ነው የምልህ!»

ልጁ አያት። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ጠፋ።

አልወሰደችም... ራዲዮ እኮ ስታወራ አየር የምትስበው እስከ ጎረቤት ይሰማል። አሁን ግን ዓረፍተ ነገር ላይ ዓረፍተ ነገር ትደርባለች፣ ደረቷ አይነቃነቅም። ድምፁ የራሷ ነው። አነጋገሩ ግን የሷ አይደለም። ቀስ ያለ፣ የደከመው ሰው አነጋገር ነው። ዓይኗ አይርገበገብም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል።

አንዱን እጥፋት በጥፍሬ ቀደድኩና አመሳከርኩ። አሁንም ቃል በቃል ነው። ግማሹ መጽሐፍ ገና ይቀራል። ያንን ሁሉ ሳትተነፍስ ልትጨርሰው? እህቴ ዓይኔ እያየ ታፍና ልትሞትብኝ ነው!

«አቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ትከሻዋን ነቀነቅኳት። እንደ ግድግዳ ነው። ማይክራፎኑን ነቀልኩት። ድምጿ አልቀነሰም።

ምንጭህስ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምንድን ነው ይሄ ቲያትር? ሁለታችሁም ወደ ቦታችሁ!»

መጽሐፉን ወደ ፊቱ አነሳሁት።

«መምህር፣ ይሄን መጽሐፍ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም? የማጣቀሻ ዝርዝራችን ላይ ያለ ነው።»

«አንብበውታል?»

«ጥያቄው እሱ አይ...»

«አንብበውታል ወይ ነው ያልኩት!»

በሕይወቴ በመምህር ላይ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ምንጭህስ መነጽሩን ነካ ነካ አደረገ።

«ዝርዝሩን... ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር ነው የተረከብኩት» አለ ዝቅ ብሎ።

ወይ ጉድ! ስንቱን «ምንጭህስ» እያለ ሲያሸማቅቅ የኖረ ሰው!

እሱን ለመስደብ ጊዜ አልነበረኝም። የራዲዮ ጉልበት ሲከዳት አየሁ። ያኔ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ከንዴቴ ብዛት፣ መጽሐፉን ገልጬ ካለችበት መስመር ላይ ከሷ ጋር ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ድምጿ ተቋረጠ።

ሃሃሃህ... ብላ አየር ሳበች። ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው። እያነበብኩ በአንድ እጄ ደገፍኳት። እፎይ ብዬ ዝም አልኩ።

አፏ ተከፈተ። ካቆምኩበት ቃል ላይ ቀጠለች።

ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ። ዝም አለች፤ ተነፈሰች። ገባኝ። ይህ ሰው መነበብ ይፈልጋል። ወይ እኛ እናነበዋለን፣ ወይ እሷን ጨርሶ ያስነብባታል።

ጉሮሮዬ ሲደርቅ መጽሐፉን ወደ ተማሪዎቹ ገፋሁት።

«ጆከሩን የጠቀሰ ማን ነው? ና! አንብብ!»

ማንም አልተነቃነቀም።

«አታፍሩም? ስሙን ስትጠሩ አልፈራችሁም፣ አሁን ቃሉን ስታነቡ ትፈራላችሁ? ተነሱ እንጂ!»

ተጠሪው መጀመሪያ ተነሳ። ከዚያ ስለ ፍቅር የተናገረው ልጅ። ከዚያ አንድ በአንድ... ሁሉም። እየተቀባበሉ አነበቡ። አንዷ ልጅ አንገቷን ደፍታ ብታጉረመርም ራዲዮ ያልተሰማውን ቃል ጮክ ብላ ደገመችው። ልጅቷ ቀና ብላ በሙሉ ድምጿ አነበበች።

በመጨረሻ ምንጭህስ እጅ ደረሰ። ሁለት አንቀጽ አነበበና አንዱን ዘለለ። አየሁት! ገጹን ሁለት አድርጎ ሲገልጥ አየሁት!

ራዲዮ አንገቷን ወደሱ አዞረች። የዘለለውን አንቀጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ አለችለት። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነጠላ ሰረዝም አልዘለለም።

የሐኪሙን ልጅ አወቅናት። ጥርሷ መቼ እንደወለቀ፣ ለድመቷ ምን ብላ እንደምትዘፍን፣ የወደቀች ቀን ጠዋት «አባዬ ዛሬ አንተ ውሰደኝ» ስትለው «ሥራ አለብኝ» እንዳላት። አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። እኔ የማለቅሰውም የምናደደውም አንድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ፣ ከጭንቅላታችን በላይ፣ ሳይቆረጥ ኖሯል!

መጽሐፉ ወደ እኔ ተመለሰ። የመጨረሻዎቹን ገጾች እኔ ቆረጥኳቸው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

«ይህን እስከዚህ ያነበበ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ፤ እሱም»

ገለጥኩ።

ቀጣዩ ቅጠል የለም። ከሥሩ ተገንጥሏል። የቀረው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ጠርዙ ደግሞ አሮጌ ቀለም የለውም፤ ነጭ ነው... አሁን የተቀደደ ይመስላል።

ሁላችንም ራዲዮን አየናት።

አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ምንም ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ዘጋችው። ዓይኗ ተርገበገበ።

«ውሃ ስጡኝ» አለች። በራሷ ድምፅ። «ምን ሆናችሁ ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

አቅፌያት ጮሄ አለቀስኩ። ምንም አታስታውስም። የጸሐፊውን ስም ጠርታ ቆም ማለቷን ብቻ ነው የምታስታውሰው።

ያንን ቅጠል ማን እንደቀደደው ስንጮህ፣ ስንወነጃጀል፣ ስንፈታተሽ አመሸን። አልተገኘም። ሠራተኛዋ መጽሐፉን ስትቀበለኝ «አንቺ ስትወስጂው ሙሉ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ቀጥሎ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምንጭህስ ለራዲዮ ሙሉ ማርክ ሰጣት! «ምንጭ አጠቃቀስ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈላት። አንዲት ቃል ሳይናገር መጽሐፉን ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘው። ይሄው ነው ያደረገው። ሰረዘው! አንጀቴ አረረ። ተማሪው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሌላ ጆከር ሲቀባበል ሰማሁ። ከሌላ መጽሐፍ። «አንብባችሁታል?» ስላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እናንተ ሰዎች፣ ምን ቢደርስባችሁ ነው የምትማሩት?

ይህንን የጻፍኩት ግን በእነሱ ተናድጄ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት በሆነው ነገር ነው።

ቁርስ ላይ ነበርን። ራዲዮ ተከፍታለች። ስለ አከራያችን ጫማ፣ ስለ ተጠሪው ፀጉር አቆራረጥ፣ ስለማላውቀው ሰው ሠርግ ታወራለች። እሰይ፣ ተመለሰችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ነው ያሳሳተኝ። ሳላስበው ጠየቅኳት።

«ለመሆኑ... ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ምንድን ነበር የሚለምነው?»

የውሃውን ብርጭቆ አነሳች።

«ነግሬሻለሁ እኮ» አለችኝ።

ድምጿ ጥርት ያለ ነው። የራሷ ድምፅ።

ብርጭቆው ግን አፏ ላይ ነበር። እየጠጣች ነበር። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል...

«ረሳሽው እንዴ?» አለችኝ ደግሞ።

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ብርጭቆውን ከከንፈሯ ሳታወርድ፣ ውሃውን ቀስ እያለች ጨረሰችው።